ቀለሙ የት ይቀመጥ? የኮንክሪት ማቅለሚያ ዘዴን ስለ መምረጥ

በከተሞቻችን ኮንክሪት የማይታይበት ቦታ የለም። የቤታችን ምሰሶ፣ የምንረግጠው ወለል፣ የምንሄድበት የእግረኛ መንገድ፣ የምንቀመጥበት የመናፈሻ አግዳሚ ሳይቀር ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋና ከጠጠር የተሠራ ነው። ለብዙ ዘመን ይህ ቁስ ይፈለግ የነበረው ለጥንካሬው ነው፤ ግራጫ መልኩን ሁሉም እንደ ተፈጥሮው ተቀብሎት ኖሯል። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በተለይ የእግረኛ መንገዶችና የአደባባዮች ገጽታ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆኗል። ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ ሆቴሎችና የግል ቤት ሠሪዎችም ወለላቸውና ግቢያቸው ቀለም እንዲኖረው ይሻሉ።

ፍላጎቱ መልካም ነው፤ ውበት ለሀብታም ብቻ የተፈቀደ ነገር አይደለምና። ይሁን እንጂ ምርጫው የሚካሄድበት ቅደም ተከተል የተገለበጠ ይመስለናል። ባለቤቱ ወይም የሥራ ኃላፊው በመጀመሪያ የቀለም ናሙና ገልጦ አንዱን መልክ ይመርጣል፤ ቀጥሎ በገበያ ላይ የተገኘው ማቅለሚያ ይገዛል፤ ኮንክሪቱ ከምን ሲሚንቶ እንደተሠራ፣ ስንት ቀን ውኃ እንደጠጣ፣ ፀሐይና ዝናብ እንዴት እንደሚያገኘው የሚጠይቅ ሰው ካለም የሚጠይቀው በመጨረሻ ነው። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በምረቃው ቀን ያበራ የነበረው ወለል ክረምቱ ሳይወጣ ይላጣል፣ ይዥጎረጎራል ወይም ነጭ ጨው ይለብሳል። የሕዝብ ገንዘብ የፈሰሰበት ከሆነ ደግሞ ለማደሻ እንደገና ይፈስበታል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ለአንድ ቀላል ሐሳብ ነው። «ምን ዓይነት ቀለም?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀለሙ በኮንክሪቱ ውስጥ የት ይቀመጣል?» የሚለው ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘውም በቀለም ናሙናው ላይ ሳይሆን በሲሚንቶው ኬሚስትሪ ውስጥ ነው።

ሲሚንቶ ለምን ግራጫ ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1824 ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ የሊድስ ከተማ ግንበኛ ለፈለሰፈው ሲሚንቶ የባለቤትነት ማረጋገጫ ሲያወጣ «ፖርትላንድ» የሚል ስም ሰጠው። ምክንያቱ በእንግሊዝ አገር ፖርትላንድ ከሚባለው ስፍራ ከሚወጣው የታወቀ የሕንፃ ድንጋይ ጋር ስላመሳሰለው ነበር። እንግዲህ የሲሚንቶ የመጠሪያ ስሙ እንኳ ከመልኩ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው።

ለግራጫነቱ ዋነኛው ምክንያት ብረት ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር አብረው በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥለው ነው፤ በሸክላው ውስጥ ያለው ብረት ከካልሲየምና ከአሉሚኒየም ጋር ተዋሕዶ ጠቆር ያለ ማዕድን ይፈጥራል። ነጭ ሲሚንቶ የሚባለው ብረት እጅግ ከሚያንሳቸው ጥሬ ዕቃዎች የተሠራ ነው፤ ዋጋውም ከተለመደው የላቀ ነው። ከተለያዩ ፋብሪካዎች የሚወጣው ሲሚንቶ አንዱ ደመቅ፣ ሌላው ጠቆር የሚለውም የጥሬ ዕቃው የብረት መጠን ስለሚለያይ፣ የተጨመረበት ነገርና የልመቱ መጠንም አንድ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ቀለም ሰጪው ዱቄት የሚያርፈው በነጭ ወረቀት ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በተቀባ ሰሌዳ ላይ እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል። በግራጫ ሲሚንቶ ላይ ጡብ ቀይ፣ ቡናማና ጥቁር ጥሩ ሆነው ይወጣሉ፤ ፈዛዛ ቢጫ፣ ክሬምና ሰማያዊ ግን ያለ ነጭ ሲሚንቶ የታሰበውን መልክ አይሰጡም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ሲሚንቶን ግራጫ ያደረገው ብረት ራሱ በሌላ መልኩ ከሁሉ የታመነ ማቅለሚያ መሆኑ ነው። ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ ብረት ሄማታይት በሚባለው መልኩ ቀይ፣ ውኃ አዝሎ ጎታይት ሲሆን ቢጫ፣ ማግኔታይት ሲሆን ጥቁር ነው፤ ሦስቱ ሲደባለቁ ቡናማ ይገኛል። እነዚህ የብረት ኦክሳይዶች አልካሊ አያጠፋቸውም፣ ፀሐይ አያደበዝዛቸውም፣ ውኃም አያሟሟቸውም። የአገራችን ቀይ አፈር ቀይ የሆነው፣ የላሊበላም ዐለት ወደ ቀይ የሚያደላው በእነዚሁ ውህዶች ነው። በሐረር ባህላዊ ቤቶች መደብና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ይህም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነ ይነገራል። ያ አፈር ቀለሙን የሚያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ቀይ አፈር ከሲሚንቶ ጋር ብናቦካው ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። አለበት። አፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ ብዙ ውኃ ይጠጣል፣ ሲሚንቶው አሸዋውን አጥብቆ እንዳይዝ ያግደዋል፣ ሲደርቅም ይሸማቀቃል። ለጭቃ ግድግዳ የሚበጀው ነገር ለሲሚንቶ ድክመት ነው። ለኮንክሪት የሚያገለግለው ከሸክላ የጸዳ፣ እጅግ የላመ፣ ለዚሁ ተግባር የተዘጋጀ የኦክሳይድ ዱቄት ነው።

ቀለም የሚቀመጥባቸው አራት ስፍራዎች

በገበያ ላይ ያሉት የማቅለሚያ ዓይነቶች ስማቸው ብዙ ነው። ቀለሙ የሚቀመጥበትን ስፍራ መሠረት አድርገን ብናያቸው ግን ዋና ዋናዎቹ በአራት ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው ቀለሙ በመላው ድብልቅ ውስጥ የሚሰራጭበት ነው። የኦክሳይዱ ዱቄት ከሲሚንቶው፣ ከአሸዋውና ከጠጠሩ ጋር በማቀላቀያው ውስጥ ይጨመራል። የዱቄቱ ቅንጣት ከሲሚንቶው ቅንጣት ብዙ እጥፍ ስለሚያንስ ሲሚንቶውን ዙሪያውን ይሸፍነዋል። ወለሉ ቢፈገፈግ፣ ጠርዙ ቢሸረፍ ከሥር የሚወጣው ያው ቀለም ነው። መጠኑ የሚለካው በሲሚንቶው ክብደት ነው፤ ኤኤስቲኤም ሲ979 የተሰኘው የአሜሪካ ደረጃ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። በተግባር ግን ከ5 ወይም ከ6 በመቶ በላይ መጨመር ቀለሙን እምብዛም ሳያደምቅ ገንዘብ ያባክናል፤ የላመ ዱቄት ሲበዛ ድብልቁ ተጨማሪ ውኃ ስለሚጠይቅ ጥንካሬውም ይጎዳል።

ሁለተኛው ቀለሙ በላይኛው ንጣፍ ብቻ የሚቀመጥበት ነው። ቀለም፣ ሲሚንቶና ደቃቅ ጠንካራ አሸዋ የተቀላቀለበት ደረቅ ዱቄት ገና ባልጠነከረው ወለል ላይ ይበተንና ይታሻል። ወይም ደግሞ ከሥር ተራው ኮንክሪት ይፈስሳል፣ ከላይ ባለቀለም ሊሾ ይለበጣል። በደቡብ ህንድ በኬረላና በታሚል ናዱ የሚታወቁት የቀይ ኦክሳይድ ወለሎች የዚህ ወገን ናቸው፤ በጥንቃቄ የተሠሩት አሥርት ዓመታት ያገለግላሉ። ግንበኞቻችን ሊሾ ሲያለሰልሱ ደረቅ ሲሚንቶ የመበተን ልማድ ስላላቸው ዘዴው እንግዳ አይሆንባቸውም። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን እዚሁ ላይ ነው፤ ባለቀለም ወለል ላይ ተራ ሲሚንቶ ከተበተነ ቀለሙ በየቦታው ይለያያል።

ሦስተኛው ቀለሙ ከጠነከረው ኮንክሪት ጋር በኬሚካዊ አጸግብሮት የሚፈጠርበት ነው፤ በተለምዶ የአሲድ ቀለም ይባላል። በውኃ በተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ የብረት፣ የማንጋኒዝ ወይም የመዳብ ጨዎች ይሟሟሉ። ፈሳሹ በወለሉ ላይ ሲፈስ አሲዱ ገጹን በመጠኑ በልቶ መንገድ ይከፍታል፤ ጨዎቹም በኮንክሪቱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ውኃ ከጠጣ ኖራ ጋር ተገናኝተው በውኃ የማይሟሙ ባለቀለም ውህዶች ይሆናሉ። ውጤቱ እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ፣ ሁለት ጊዜ የማይደገም መልክ ነው። ያማረ መሆኑን አንክድም። ቀድሞ የተሠራ ግራጫ ወለል ሳይፈርስ መልክ እንዲያገኝ ከተፈለገም ከጥቂት አማራጮች አንዱ ነው።

አራተኛው ቀለሙ ከኮንክሪቱ በላይ እንደ ቆዳ የሚቀመጥበት ነው፤ ይኸውም ተራው ቅብ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፣ የፈለጉትን መልክ ይሰጣል። ችግሩ ኮንክሪት የሞተ ግድግዳ አለመሆኑ ነው። ከሥሩ እርጥበት ይስባል፣ ውስጡም ብርቱ አልካሊ ነው፤ በአዲስ ኮንክሪት ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውኃ ፒኤች ከ12 በላይ ነው። የዘይት ቀለም በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሲቀባ በቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይት ከአልካሊው ጋር ተዋሕዶ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ ሳሙና ከዘይትና ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራበት አጸግብሮት ራሱ ነው። ቅቡ የሚለጠፍበት ነገር ሲሟሟ ቅርፊቱ ይነሣል። አልካሊ የሚቋቋሙ ቅቦች ቢኖሩም ከሥር የሚገፋቸውን እርጥበትና ከላይ የሚፍቃቸውን ጫማ ለዘለዓለም አይችሉም።

የሲሚንቷችን ጠባይ

ከዚህ ላይ የጽሑፋችን ዋነኛ ነጥብ ይነሣል። ከውጭ የሚመጡት የአሠራር መመሪያዎችና የቀለም ናሙናዎች በአብዛኛው የሚናገሩት ተጨማሪ ነገር ስላልገባበት ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው፤ በገበያችን ኦፒሲ የምንለው ማለት ነው። በአገራችን ለወለል፣ ለልስንና ለልዩ ልዩ ሥራ በብዛት የምንጠቀምበት ግን ፒፒሲ ነው። ፒፒሲ የሚገኘው ተቃጥሎ የወጣው የሲሚንቶ ጥሬ አካል እንደ ፓሚስ ካለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር አብሮ ሲፈጭ ነው። ይህ ድንጋይ ፖዞላና ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ሮማውያን እንዲህ ያለውን አመድ ካገኙበት በኔፕልስ አጠገብ ካለችው ፖትሱዎሊ ነው። የስምጥ ሸለቆ ባለቤት ለሆነች አገር ይህ ትልቅ በረከት ነው።

የፖዞላና ሥራ ምንድን ነው? ሲሚንቶና ውኃ ሲገናኙ ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ ቀደም ሲል የጠቀስነው ኖራ ነው። በፖዞላናው ውስጥ ያለው ሲሊካ በሳምንታትና በወራት ጊዜ ውስጥ ይህን ኖራ እየበላ ወደ ማጣበቂያነት ይለውጠዋል። ለኮንክሪቱ ዕድሜ መልካም ነው። አሁን ይህን ከአሲድ ቀለም ጋር እናገናዝበው። የአሲድ ቀለም መልክ የሚያገኘው ከኖራው ጋር ሲዋሐድ ነው ብለናል። ኖራው በፖዞላና ከተበላ ቀለሙ የሚዋሐደው ከምን ጋር ነው? በፒፒሲ ወለል ላይ የአሲድ ቀለም ፈዝዞ፣ በየቦታውም ተለያይቶ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሠራተኛው «መድኃኒቱ ተበርዟል» ይላል፤ ነጋዴው «አሠራሩን አላወቁበትም» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የሁለቱም ላይሆን ይችላል።

ያው ጠባይ ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ዘዴ ጥቅም ሆኖ ይገኛል። የባለቀለም ኮንክሪት ትልቁ ጠላት በተለምዶ «ጨው አወጣ» የምንለው ነገር ነው። በቀዳዳዎች ውስጥ የሟሟው ኖራ ከእርጥበት ጋር ወደ ገጽ ይወጣና ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ነጭ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። በግራጫ ወለል ላይ እምብዛም አይታይም፤ በጥቁርና በደማቅ ቀይ ላይ ግን ዓይን ይወጋል፤ ተመልካቹም «ቀለሙ ለቀቀ» ብሎ ይፈርዳል። በዕድሜ ውስጥ ኖራው በፖዞላና የሚቀንስበት ሲሚንቶ ይህን ችግር ይቀንሳል። ውድ አንባቢያን ወለላችሁ ቀለሙን ለቆ ወይም ጨው ለብሶ እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጋችሁ በማይታይ ጥግ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ አውጥቶ ከሥሩ የቀድሞው ቀለም ብቅ ካለ ቀለሙ አለ፤ የሸፈነው ነጭ መጋረጃ ነው። ሙከራውን እንደጨረሳችሁ ቦታውን በውኃ እጠቡት፤ ኮምጣጤ ሲሚንቶውንም ይበላልና።

ይህ ሁሉ ፒፒሲ ጥንቃቄ አያሻውም ማለት አይደለም። የፖዞላና ሥራ ዝግ ያለ ስለሆነ ኮንክሪቱ ለረዘመ ጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ውኃ ያልጠጣ የፒፒሲ ወለል ገጹ ይደክማል፣ ሲጠረግ አቧራ ይሰጣል፤ አቧራ ሆኖ የሚሄደው ደግሞ ቀለም የወጣበት ያው ገጽ ነው። ሥራው በአንድ ዓይነት ሲሚንቶ ተጀምሮ እጥረት ሲመጣ በሌላ ፋብሪካ ምርት ቢቀጥልም አንዱ ግቢ ሁለት መልክ ይዞ ይቀራል።

ፀሐይ፣ ዝናብና ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራ ቫዮሌት ጨረር በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ከኦርጋኒክ ኬሚካሎች የተሠሩ ደማቅ ማቅለሚያዎች፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ እንኳ ከቤት ውጭ የማይመከሩት፣ በደጋው አገራችን ደጅ ላይ ቢውሉ መደብዘዛቸው አይቀርም። ለቤት ውስጥ ወለል ቢመረጡ አንቃወምም፤ ለአደባባይ ግን አይሆኑም። ማዕድናዊዎቹ የብረት ኦክሳይዶችና አረንጓዴው የክሮሚየም ኦክሳይድ ይህን ጨረር አይፈሩትም። ሰማያዊ ከኮባልት ሲሠራ ጽኑ ነው፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ በልብስ ማጠቢያነት የምናውቀው ዓይነት ሰማያዊ፣ አልትራማሪን፣ በሲሚንቶ ውስጥ መልኩን እያጣ ይሄዳል።

ዝናብም የራሱን ፍርድ ይሰጣል። በሐምሌና በነሐሴ የፈሰሰ ባለቀለም ወለል ገና ሳይጠነክር ዝናብ ቢወርድበት ገጹ ይታጠባል፣ ጨውም ያወጣል። በቆላው ደግሞ፣ በድሬዳዋ ወይም በሰመራ፣ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ገጹ ፈጥኖ ደርቆ ይሰነጠቃል። የመርሐ ግብር አውጪዎች «ለምረቃው ቀን እንድረስ» በሚል ሩጫ ክረምቱን ሲጋፉ ኬሚስትሪ ለበዓል ቀን እንደማይታዘዝ ሊረዱ ይገባል።

የሠራተኛው ሳንባና እጅ

ስለ ማቅለሚያ ምርጫ ሲነሣ ዋጋና ውበት ይነገራል፤ የሚሠራው ሰው ግን ይረሳል። በእኛ እምነት ይህ የምርጫው አንዱ መስፈርት መሆን አለበት። የአሲድ ቀለም ጢስ ዓይንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ያለ ጓንት፣ ያለ መነጽርና አየር በሌለበት ክፍል መሥራት አደጋ ነው። አሲድ ሲበረዝ ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ሥራው ሲያልቅ ወለሉ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አሲዱ ተገድሎ መታጠብ አለበት፤ እጥበቱም መዳብና ሌሎች ከባድ ብረታ ብረቶች ስላሉበት ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ሊለቀቅ አይገባም። ወለሉን አስቀድሞ በማሽን መፈተግ ሲያስፈልግ ደግሞ የሚነሣው አቧራ የሲሊካ አቧራ ነው፤ ለዓመታት የተነፈሰው ሰው ሲሊኮሲስ በሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ሊያዝ ይችላል። በውኃ እያረጠቡ መፈተግና ተገቢውን መሸፈኛ ማድረግ ቅንጦት አይደለም።

የብረት ኦክሳይድ ዱቄትም ሲበተን አፍንጫን መሸፈን ይጠይቃል፤ እርጥብ ሲሚንቶም ቆዳ ያቆስላል። ሆኖም ከአራቱ ዘዴዎች ለሠራተኛውም ለወንዙም የሚቀለው ቀለሙ ከድብልቁ ጋር የሚገባበት ነው፤ ከተለመደው የግንባታ ሥራ የተለየ አዲስ አደጋ እምብዛም አያመጣምና።

«ውድ ነው» ለሚሉ

የሚቀርብብን ዋነኛ ተቃውሞ የዋጋ ነው። መላውን ውፍረት ማቅለም ማባከን አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በስሌት እንመልከተው። በአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 350 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ቢገባና 4 በመቶ ቀለም ቢጨመር 14 ኪሎ ግራም ዱቄት ያስፈልጋል። ወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው አንድ ሜትር ኩብ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለአንድ ካሬ ሜትር 1.4 ኪሎ ግራም ይደርሳል። አሁን ከሥር 8 ሳንቲ ሜትር ተራ ኮንክሪት አፍስሰን ከላይ 2 ሳንቲ ሜትር ባለቀለም ሊሾ እንልበጥበት። በሊሾው አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 450 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ቢኖር ለአንድ ካሬ ሜትር 9 ኪሎ ግራም ሲሚንቶና 360 ግራም ቀለም ይበቃል። ወጪው ወደ አንድ አራተኛ ወረደ ማለት ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ደግሞ ጫማ በቀላሉ ፍቆ የሚጨርሰው ነገር አይደለም። ቁም ነገሩ ሊሾው ከሥሩ ካለው ኮንክሪት ጋር እንዲዋሐድ ታችኛው ገና ሳይደርቅ መለበጡ፣ ወይም የደረቀው ገጽ ተፈቅፍቆና ጸድቶ እርጥበት ማግኘቱ ነው።

በዚያው ልክ ቅቡ ርካሽ የሚመስለው የመጀመሪያው ቀን ደረሰኝ ብቻ ሲታይ ነው። በየጊዜው የሚላጥ ወለል የቀለም፣ የሠራተኛና ቦታው የሚዘጋበት ቀን ዋጋ እየተደመረ ሲሄድ ርካሹ ውድ ይሆናል። ቅብ ስፍራ የለውም አንልም። የስፖርት ሜዳ መስመሮች፣ የመኪና ማቆሚያ ምልክቶችና በየጊዜው መልካቸው እንዲቀየር የሚፈለጉ ቦታዎች ለቅብ የተገቡ ናቸው። ይሁን እንጂ ቅብ ከመቀባቱ በፊት 45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ጠርዙ በፕላስተር ተለጥፎ ቢያንስ 16 ሰዓት በወለሉ ላይ ይቆይ፤ ሲነሣ ከሥሩ ውኃ ከታየ ወለሉ ለቅብ አልደረሰም። ይህን ሙከራ ለማድረግ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከዘረዘርነው ተነሥተን አቋማችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን። ሰው በብዛት ለሚመላለስበት የሕዝብ ቦታ፣ ማለትም ለእግረኛ መንገድ፣ ለትምህርት ቤት ኮሪደር፣ ለጤና ጣቢያ ግቢ፣ በብረት ኦክሳይድ የቀለመ ድብልቅ ወይም ባለቀለም ሊሾ የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን። የአሲድ ቀለም ኦፒሲ መሆኑ ለታወቀ፣ ቢያንስ 28 ቀን ለሞላውና ማሸጊያ ላልተቀባ ወለል ይቆይ፤ በፒፒሲ ላይ ሳይሞከር ውል አይፈረምበት። ቅብ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

በጨረታ ሰነዶቻችን ላይ «ወለሉ ቀይ ቀለም ይኑረው» የሚለው አንድ መስመር በቂ አይደለም። የቀለሙ ዓይነት፣ ከሲሚንቶው ክብደት ያለው መቶኛ፣ የሚቀመጥበት ጥልቀት፣ የሲሚንቶው ዓይነትና ውኃ የሚጠጣበት የቀን ብዛት በጽሑፍ ይገለጽ። ውኃ ማጠጣት ዋጋ ያልተመደበለት ሥራ ከሆነ የሚያጠጣ አይገኝም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ናሙና በዚያው ሲሚንቶ፣ በዚያው አሸዋ፣ በዚያው ግንበኛ እጅ ተሠርቶ 28 ቀን ይቆይና ባለቤቱ አይቶ ይፈርምበት። ከካታሎግ ላይ የተመረጠ መልክ ቃል ኪዳን ሊሆን አይችልም።

በሥራው ቦታ ደግሞ ቀለም በእፍኝ ሳይሆን በሚዛን ይለካ። ለአንድ ከረጢት 50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ 2 ኪሎ ግራም ዱቄት 4 በመቶ ነው፤ ይህን ማስታወስ ለማንም አይከብድም። ውኃውም እንደዚሁ በሊትር ይለካ፤ ለማቡካት እንዲቀል ተብሎ የሚጨመር እያንዳንዱ ጆግ ውኃ ድብልቁን ከማዳከሙ በላይ ሲደርቅ መልኩን ያነጣዋል። ማጠንከሪያን ለማፋጠን ካልሲየም ክሎራይድ ከሚጨመርባቸው ድብልቆች መራቅም ተገቢ ነው፤ ወለሉን ያዥጎረጉራልና።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የአገራችን የፒፒሲ ምርቶች በተለያየ ዕድሜያቸው ምን ያህል ኖራ እንደሚቀርባቸው፣ ከልዩ ልዩ ማቅለሚያዎች ጋር ምን መልክ እንደሚሰጡ፣ በደጋና በቆላ ፀሐይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምን እንደሚመስሉ በመለካት ለግንበኛው የሚነበብ አንድ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ከመምህራንና ከተመራቂ ተማሪዎች አቅም በላይ አይደለም። የሚጠይቀው ጥቂት የኮንክሪት ጡቦች፣ ሚዛን፣ ጣሪያ ላይ ያለ ቦታና ትዕግሥት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትፈልጉ የኬሚስትሪ፣ የጂኦሎጂና የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን አስቡበት። ጡቦቹ ዘንድሮ ከተሠሩ የመጀመሪያውን ክረምት ያለፈው ናሙና ውጤት በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ መጽሔት ላይ ሊወጣ ይችላል፤ እኛም ገጹን ይዘን እንጠብቃለን።